ዋልያን ከመስደባችን በፊት ሂሳቡን እንስራ

ወገን! ሰሞኑን ዋልያን ያልሰደበ ያለ አይመስልም። "እነዚህም ተጫዋች ናቸው?"፣ "አሰልጣኙ ይባረር!" እዚህ ቡሬም ያው ነው፤ ኳስ በሚታይበት ቤት ሁሉ ወሬው ይኸው ነው። ቁጭቱ ይገባኛል፣ እኔም ተቃጥያለሁ። ግን ስድብ ነጥብ አያመጣም። ና፣ ቁጭ ብለን እናስላው።

ለአፍሪካ ዋንጫ የሚታለፈው እንዲህ ነው። 48 ቡድኖች በ12 ምድብ ይደለደላሉ። እያንዳንዱ ቡድን 6 ጨዋታ አለው፤ 3 በሜዳው፣ 3 ከሜዳው ውጪ። ከእኛ ምድብ 1ኛና 2ኛ የወጡት ወደ ሞሮኮ ሄዱ። እኛ በ4 ነጥብ መጨረሻ ሆንን።

አሁን 2013ን አስታውስ። ካሜሩን ወዳዘጋጀችው ዋንጫ ያለፍነው በ9 ነጥብ ነበር። ዘጠኙም የተገኙት እዚሁ ሀገራችን ላይ ነው! ባህር ዳር ላይ ኮትዲቯርን 2 ለ 1፣ አዲስ አበባ ላይ ኒጀርን 3 ለ 0፣ ባህር ዳር ላይ ማዳጋስካርን 4 ለ 0። ከሜዳ ውጪስ? ሶስቱንም ተሸነፍን። አንድ ነጥብ ሳናመጣ አለፍን!

በሞሮኮው ዋንጫ ማጣሪያ "በሜዳችን" የተባሉት ሶስት ጨዋታዎች የት ነበሩ? ዳሬሰላም፣ አቢጃን፣ ኪንሻሳ! በዲ.አር. ኮንጎ 2 ለ 0፣ በጊኒ 3 ለ 0፣ በታንዛኒያ 2 ለ 0 ተሸነፍን። ዜሮ ነጥብ፣ ዜሮ ጎል። ለምን ሰው ሀገር ሄድን? ካፍ የሚቀበለው አንድ ስታዲየም ስላልነበረን ነዋ! እነዚሁ የምንሰድባቸው ልጆች ግን ኮንጎን በገዛ ሜዳዋ 2 ለ 1 አሸንፈው ተመልሰዋል።

"ሰበብ ነው" የምትል አትጠፋም። እውነት ነው፣ ጊኒም እኛን ያስተናገደችው አቢጃን ላይ ነበር፣ 4 ለ 1 አሸንፋናለች። ስታዲየም ብቻውን ጎል አያገባም። የአጥቂ ችግርም አለብን፣ የዝግጅትም አለብን። ግን ከ6 ጨዋታ ስድስቱንም እንግዳ ሆኖ የሚጫወት ቡድን ማጣሪያውን የሚጀምረው ከኋላ ነው።

ኢትዮጵያ እኮ ካፍን ከመሰረቱት አንዷ ናት! በ1954 ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን ዋንጫውን ያነሳነው አዲስ አበባ ላይ፣ በገዛ ህዝባችን ፊት ነው። ዛሬ የመቱ፣ የጎሬና የቡሬ ልጅ ጭቃ ላይ ኳስ እያንከባለለ ያድጋል፤ ብሄራዊ ቡድኑን ግን በዚያ ማጣሪያ ሀገሩ ላይ ሲጫወት አላየም። ይሄ ነው ውርደቱ፣ ውጤቱ ብቻ አይደለም።

ስለዚህ ወጣቱ፣ ጩኸትህን ቦታው ላይ አድርገው። ተጫዋቹን መስደብ ቀላል ነው። ከባዱ፣ የስታዲየም ስራ የያዙትን ሁሉ "የቱ ስራ ቀረ? ስንት ወጣ? መቼ ያልቃል?" ብሎ መጠየቅ ነው። ቀጣዩ ማጣሪያ ከመድረሱ በፊት እንጠይቅ፣ መልስ እስኪሰጡን አንተዋቸው። ሀገር ቤቷ ትጫወት!