ውሃው ያለ ቦታው

ከጀመዓችን ስንቱ ግንበኛ፣ ስንቱ ፌራዮ ነው፣ ማሻአላህ! ሐላል ሪዝቅ ነው። ግን አንድ ነገር እናንሳ። አርማታ ስናቦካ ሥራው እንዲቀልለን ብለን ውሃ እንጨምራለን። ከልክ ያለፈው ውሃ ሲተን ውስጡን ቀዳዳ አድርጎት ይሄዳል፤ ጥንካሬው ይወርዳል። ኮለኑ ከተሞላ በኋላ ግን፣ ቢያንስ 7 ቀን ውሃ መጠጣት ሲገባው፣ በማግስቱ ጥለነው ወደ ሌላ ሥራ እንሄዳለን። በማያስፈልገው ሰዓት አፍስሰን በሚያስፈልገው እንነፍገዋለን! ባለቤቱ አያይም፤ ልስን ይሸፍነዋል። ኮንትራክተሩ አጣደፈን እንላለን። እውነት ነው፣ ያጣድፋል። ባልዲውን የያዘው ግን የእኛ እጅ ነው፤ ከሥሩ የሚተኙት ልጆችም አማና ናቸው። ዛሬ ሙሌት ካለን ውሃውን በልክ እናድርግ፤ ነገ ከፈጅር በኋላ ደግሞ ጎራ ብለን እናጠጣው።