ፍሬ ነገሩ ለጁሪ፣ ሕጉ ለዳኛ?

የኒው ዮርኩ አታሚ ጆን ፒተር ዜንገር በኦገስት 1735 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ችሎት ሲቀርብ፣ ጠበቃው አንድሩ ሃሚልተን ማንም ያልጠበቀውን አደረገ፦ ደንበኛው ጋዜጦቹን ማተሙን አመነ። በጊዜው ሕግ ነገሩ እዚያው አብቅቶ ነበር። መንግሥትን የሚያሳጣ ጽሑፍ ማተም ወንጀል ነው፤ የተጻፈው እውነት ቢሆንም ተከሳሹን አያድነውም። ስታር ቻምበር የሚባለው የእንግሊዝ ችሎት ይህንን የወሰነው በ1606 ነው። ዋና ዳኛው ጀምስ ዴላንሲም ጁሪዎቹ ጽሑፉ መታተሙን ብቻ እንዲወስኑ፣ ወንጀል መሆን አለመሆኑን ግን ለፍርድ ቤቱ እንዲተዉ ነገራቸው። ሃሚልተን ደግሞ ሁለቱንም የመወሰን መብት የእናንተ ነው አላቸው። 12ቱ ሰዎች ብዙም ሳይቆዩ «ጥፋተኛ አይደለም» ብለው ተመለሱ።

ታሪኩ ሲተረክ ጁሪው ጀግና፣ ዳኛው የገዢ አሽከር ሆኖ ይቀርባል። በኒው ዮርክ ይህ ከእውነት ብዙ አይርቅም። አገረ ገዢው ዊሊያም ኮስቢ አልታዘዝ ያለውን ዋና ዳኛ ሉዊስ ሞሪስን በ1733 ሽሮ በምትኩ የሾመው ዴላንሲን ነበር። ይሁን እንጂ ክርክሩን በዚህ አንድ ችሎት መዝጋት ለሌላው ወገን ፍትሐዊ አይደለም፤ ያ ወገን ከዴላንሲ የተሻለ ተሟጋች ነበረውና።

ተሟጋቹ የእንግሊዙ ዋና ዳኛ ሎርድ ማንስፊልድ ነው። በእንግሊዝ በ1701 በወጣው ሕግ መሠረት ንጉሡ ዳኛን እንዳሻው መሻር ስለማይችል፣ ማንስፊልድን የቤተ መንግሥት ተላላኪ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም። የሚለውም ቀላል ነው፦ ሕግ ለሁሉም እኩል እንዲሆን ሕጉን የሚያውቅ ሰው ይበይነው። ጁሪ ምክንያቱን አይናገርም፤ በነጻ ከለቀቀም ይግባኝ የለም። ስጋቱ ከንቱ እንዳልነበር 1770 ይመሰክራል። ጁኒየስ በሚል የብዕር ስም ለንጉሡ በተጻፈ አንድ ደብዳቤ የተነሣ የለንደን አታሚዎችና መጻሕፍት ሻጮች በየተራ እሱው ፊት ተከሰሱ። አንዱ ጁሪ አልመንን ጥፋተኛ አለ፤ ሌላው ዉድፎልን «በማተምና በማውጣት ብቻ» ብሎ ነገሩን አንጠለጠለው፤ ሦስተኛው ሚለርን በነጻ ለቀቀ። ደብዳቤው አንድ፣ ፍርዱ ሦስት። ይህን ያየ ሰው ሕጉ የት እንዳለ በምን ይወቅ?

ቶማስ ኧርስኪን መልስ ነበረው። በ1784 የቅዱስ አሳፍ ካቴድራል ዲን የነበረው ዊሊያም ሺፕሊ፣ በአንድ ባላባትና በአንድ ገበሬ መካከል የተደረገ የፖለቲካ ውይይት የያዘች ትንሽ መጽሐፍ በማሳተሙ ሽሩስበሪ ላይ ተከሰሰ። ጠበቃው ኧርስኪን፣ አንድ ጽሑፍ አመፅ ያነሣሣል ወይ፣ ጸሐፊውስ ክፉ አስቦ ነበር ወይ የሚለው እንደ ውርስ ክፍፍል ከሕግ መጽሐፍ የሚወጣ ሳይሆን ራሱ ፍሬ ነገር ነው ብሎ ተሟገተ። ሰውን የሚያስቀጣው ሐሳቡ ከሆነ፣ ያን ሐሳብ ያልመዘነ ጁሪ ምን ፈረደ ይባላል? እኔን የሚያሳምነኝ ይህ ነው። ከ1670 ጀምሮ ጁሪን በፍርዱ ምክንያት መቅጣት አይቻልም፤ በዊሊያም ፔን ክስ ያለ ምግብ ተዘግቶባቸው፣ በኋላም ተቀጥተው አልበገር ያሉት ጁሪዎች ያስገኙት ድል ነው። ሥልጣኑ በእጃቸው እያለ መብቱ የላችሁም ማለት ያስቸግራል።

ፓርላማው በ1792 በፎክስ ሕግ ለኧርስኪን ወገን ፈረደ፤ ጁሪ በጠቅላላው ጉዳይ ላይ እንዲወስን ተፈቀደለት። ታዲያ ነጻነት መጣ? በዚያው ዓመት ዲሴምበር ቶማስ ፔይን በሌለበት ሲከሰስ፣ ኧርስኪን ራሱ ለረጅም ሰዓት ተከራክሮለት፣ ጁሪው የዐቃቤ ሕጉን መልስ እንኳ ሳይጠብቅ ጥፋተኛ አለው። አሜሪካም መንግሥትን በሚያሳጣ ጽሑፍ ላይ በ1798 ባወጣችው ሕግ እውነትን መከላከያ አደረገች፤ ለጁሪውም ሕጉንና ፍሬ ነገሩን አብራ ሰጠች። ሃሚልተን የጠየቀው ሁሉ ተሟልቷል ማለት ነው። የቨርሞንቱ የምክር ቤት አባል ማቲው ላየን ግን አራት ወር ታሰረ፣ 1,000 ዶላርም ተቀጣ። ሥልጣኑ ለጁሪ ቢሰጥም ፍርዱ የሚወሰነው ጁሪ ሆነው በተቀመጡት ሰዎች ነው። ኮስቢም ቢሆን ይህን ቀዳዳ ያውቅ ነበር፤ በዜንገር ክስ መጀመሪያ በቀረበው የጁሪ ዝርዝር ውስጥ የራሱ ዳቦ ጋጋሪ፣ ልብስ ሰፊና ጫማ ሰሪ ተሰግስገው ነበር። ተከላካዩ ባይቃወም ኖሮ ዛሬ የምናወራው ሌላ ታሪክ በሆነ።

ጁሪ በነጻ መልቀቁም ሁልጊዜ የሚያስመሰግን አይደለም። በ1955 ሚሲሲፒ ውስጥ ነጮች ብቻ የነበሩበት ጁሪ፣ የ14 ዓመቱን ኤመት ቲልን በመግደል የተከሰሱትን ሁለት ሰዎች ከአንድ ሰዓት ብዙም ባልበለጠ ጊዜ ለቀቃቸው። ዛሬ ለጁሪ አገልግሎት የተጠራ ኢትዮጵያዊ-አሜሪካዊ ሕጉን ከዳኛው እንዲቀበል የሚነገረው በከንቱ አይደለም፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከ1895 ጀምሮ የያዘው አቋም ይኸው ነው።

እኔ ግን ሁለቱን ክሶች አንድ ላይ አልቆጥራቸውም። በቲል ጉዳይ የጁሪው አድልዎ ልጇን ባጣች እናት ላይ ወደቀ፤ በእነ ዜንገር ዓይነቱ ክስ ግን ከሳሹ መንግሥት ነው፣ ጁሪው ተሳስቶ ጸሐፊ ቢለቅ የሚጎዳው የሹም ክብር ነው። ማንስፊልድ የፈራው ዝብርቅርቅ ፍርድም ክብደት የሚኖረው ጁሪው ጥፋተኛ ሲል ነው፤ ለዚያ ደግሞ ዳኛ ያስፈልጋል። የፎክስ ሕግ ጁሪ የፈረደበት ሰው ክሱ ወንጀል አይሆንም ብሎ ለዳኞች የማመልከት መብቱን አላነሣበትም። ሺፕሊም በመጨረሻ የተፈታው በዚሁ መንገድ ነበር፤ ጁሪው ከሰጠው ፍርድ በኋላ ክሱ ጎደሎ ሆኖ አግኝተው የለቀቁት እነዚያው ኧርስኪን የተሟገታቸው ዳኞች ናቸው።