የሚያጸዳ ባለሙያ የሌለው የጽዳት ሕግ

ከፓርቲው ዋና ጸሐፊ



በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሁሉም ሰዎች ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳላቸው ደንግጓል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ የበከለ ሰው የበከለውን እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ያስገድዳል። ተቆጣጣሪው ያለ ቅድሚያ ማስታወቂያና ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ቅጥር ግቢ ገብቶ ናሙና እንዲወስድ ይፈቅድለታል። ማንኛውም ሰው ጥቅሜ ተነክቷል ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው አቤቱታ ማቅረብ፣ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘም ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። በሕግ ሙያ ዓይን ሲታይ ጥሩ አዋጅ ነው።

ታዲያ የአቃቂ ወንዝ ስለምን እንዲህ ሆነ? በዚያ ውሃ የለማው ሰላጣና ጎመንስ ስለምን በየጉሊቱ ይሸጥልናል?

ገዥው ወገን ምክንያቱ የኅብረተሰቡ ግንዛቤ ማነስ ነው ይለናል። እኛ አንስማማም። ዳኛ ፊት ቀርቦ “ወንዙ ይሸታል” ማለት ማስረጃ አይሆንም። ከቆዳ ፋብሪካው የወጣው ፍሳሽ ስንት ክሮሚየም እንደያዘ በትክክል የለካ፣ ናሙናው ከወንዙ እስከ ላቦራቶሪ በማን እጅ እንዳለፈ የመዘገበ፣ በመስቀለኛ ጥያቄ የማይናወጥ ባለሙያ ያስፈልጋል። አጽዳ የተባለው ፋብሪካ በእርግጥ ማጽዳቱን የሚያረጋግጠውም እሱ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በበቂ ቁጥር ሳይሠለጥን የወጣ አዋጅ መደርደሪያ ላይ ይቀራል።

የባለሙያ እጦት ሕይወትም ያስከፍላል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት በረጲ (ቆሼ) የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ100 በላይ ወገኖቻችን አለቁ። ብዙዎቹ ከክምሩ ሥር በደሳሳ ጎጆ የሚኖሩ ነበሩ። አገር ለሦስት ቀን ሐዘን ተቀመጠ። ቆሻሻ ከ50 ዓመት በላይ በላዩ ሲጣልበት የኖረ ቦታ ነው። ክምር ዝም ብሎ አይናድም። ቁልቁለቱ ከልክ ሲያልፍ፣ ውስጡ ፈሳሽ ሲያቁር፣ ከሚበሰብሰው ቆሻሻ የሚወጣው ሚቴን ጋዝ መውጫ ሲያጣ አደጋው ይቃረባል። ይህን ማየት የሠለጠነ ሰው የዘወትር ሥራ ነው፤ ቆሻሻውን በየደረጃው መጠቅጠቅ፣ አፈር ማልበስ፣ ፈሳሹን በቦይ መሰብሰብ። በ2008 ዓ.ም. የተከፈተው የሰንዳፋ ማስወገጃም በዚያው ዓመት በገበሬዎች ተቃውሞ ሲዘጋ ቆሻሻው ወደ ረጲ ተመልሶ ነበር። ገበሬው የተቃወመው ስለ ሽታውና ስለ ውሃው ነው፤ መብቱም ነበር።

በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው የረጲ ጣቢያ ተመረቀ። ማሽን መግዛት ሪባን ለመቁረጥ ይመቻል፤ ሰው ማሠልጠን ሪባን የለውም። በ1990ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት ጊዜው ያለፈበት ከ1 ሺህ ቶን በላይ ፀረ ተባይ መርዝ በውጭ እርዳታ ከየመጋዘኑ ተሰብስቦ ፊንላንድ ተልኮ ተቃጥሏል። ትልቅ ሥራ ነበር። ነገር ግን ሙያ በፕሮጀክት ተከፍቶ በፕሮጀክት የሚዘጋ ከሆነ፣ ቀጣዩ መርዝ ሲገኝ እንደገና ከ“ሀ” እንጀምራለን።

ፓርቲያችን ከተመረጠ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች የአካባቢ ጽዳት ትምህርት ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ፣ በደረጃ ምዘናና በምስክር ወረቀት ይሰጣል። ዛሬ ጋሪ እየገፉ ከየቤታችን ቆሻሻ የሚሰበስቡት እህቶችና ወንድሞች የመጀመሪያዎቹ ሠልጣኞች ይሆናሉ። ሥራውን ያውቁታልና ያለ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ወረቀት የሚገቡበት በር ይከፈታል፤ ጓንት፣ ጫማና የጤና ምርመራም እንደ ስጦታ ሳይሆን እንደ ሥራ ውል ግዴታ ይታያል። በአካባቢ ሳይንስ ለተመረቁ ወጣቶች ደግሞ ከዲግሪው በኋላ አንድ ዓመት በወንዝ፣ በፋብሪካና በላቦራቶሪ የመስክ ልምምድ ከደመወዝ ጋር ይዘጋጃል። ተቆጣጣሪው በስልክ ጥሪ ከቦታው እንዳይነሳ ቅጥሩ በሕግ ይጠበቃል። ይህ ካልሆነ ሥልጠናው ከንቱ ነው።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ለምትሉን፣ የመነሻው ወጪ ከመንግሥት በጀት ነው፤ አንሸሽገውም። ከዚያ በኋላ ግን አዋጁ የበካዩ ግዴታ ያደረገው የማጽጃ ወጪ በእርግጥ ከበካዩ ይሰበሰባል። እስከዛሬ ከሕዝቡ ጤና ሲከፈል ኖሯል።

በምርጫው ቅስቀሳ የጽዳት ዘመቻ ቃል የሚገባላችሁን ሁሉ ስንት ባለሙያ፣ በየትኛው ትምህርት ቤት፣ በስንት ደመወዝ ብላችሁ ጠይቁት። እኛንም ጭምር።