የሞላ ጉንጭ ሁሉ ጤና አይደለም



ዛሬ በጤና ዓምዳችን ስለ ምግብ እንነጋገራለን። በማታው ትምህርት ላይ ከእናንተ ሦስት ጥያቄዎች ቀርበዋል።

አንድ አባት፣ «ሰውነቴ እየከበደ፣ ሆዴ እየገፋ መጣ። ይህ ጥጋብ ነው ወይስ በሽታ?» ብለዋል።

አንዲት እናት፣ «ወተት ስጠጣ ሆዴ ይነፋል፤ ይጮህብኛል። ለምንድን ነው?» ብለዋል።

ሌላዋ እናት ደግሞ፣ «ወተትና እንቁላል ልጅሽን አይስማሙትም ተብዬ ከለከልሁት። ቀጥሎም ሽሮውን ተውሁ። አሁን ጉንጩ ሞልቷል። ጎረቤት ሁሉ ወፈረልሽ ይለኛል። ግን ይነጫነጫል፤ አይጫወትም» ብለዋል።

ሦስቱም ጥያቄዎች መልስ ይገባቸዋል። የመጨረሻው ግን ቀን አይሰጥም። ስለዚህ ከእሱ እንጀምር። ለእኚህ እናት ይህ ጽሑፍ እስኪወጣ አልጠበቅንም። በማግስቱ ልጁን አዝለው ጤና ጣቢያ ሄደዋል።

እብጠት ውፍረት አይደለም

የወፈረ ልጅ ይጫወታል፤ ይበላል፤ ይስቃል። ያበጠ ልጅ ግን ዝም ይላል፤ ወይም ያለ ምክንያት ያለቅሳል። ምግብ ሲሰጡት ፊቱን ያዞራል። ፀጉሩ ይሳሳል፤ ቀላ ይላል፤ ሲነኩት ይነቀላል። አንዳንዴም ቆዳው ይላጣል። ጉንጩን የሞላው ሥጋ ወይም ስብ አይደለም፤ ውሃ ነው።

ታዲያ በምን እንለያለን? ሁለት አውራ ጣት ይበቃል። የልጁን ሁለቱንም እግሮች ከላይ በኩል፣ ከጣቶቹ ከፍ ብሎ፣ በአውራ ጣታችሁ ጫን አድርጉ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብላችሁ ቁጠሩ። ከዚያ ጣታችሁን አንሡ። የተጫነው ቦታ ጎድጉዶ ከቀረ ውሃ ቋጥሯል ማለት ነው። ሁለቱም እግሮች ከጎደጎዱ ልጁን ዛሬውኑ ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ነገ አትበሉ። ይህ በሽታ ልጅ ይገድላል።

የበሽታው ስም ክዋሺዮርኮር ይባላል። ቃሉ የመጣው ከጋና አገር፣ ጋ ከሚባል ሕዝብ ቋንቋ ነው። እዚያ ይሠሩ የነበሩ ሲስሊ ዊሊያምስ የተባሉ ሴት ሐኪም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1935 በዚህ ስም ጽፈው ለዓለም ሐኪሞች አስታወቁ። ትርጉሙ፣ ታናሹ ሲወለድ ታላቁን የሚይዘው በሽታ እንደ ማለት ነው። እንዴት? ታናሹ ሲመጣ ታላቁ ከጡት ይነሣል። ከዚያ በኋላ የሚያገኘው እህል ብቻ ይሆናል። ጠዋት ገንፎ፣ ማታ እንጀራ፤ ወጥ የለ፣ ወተት የለ። በዚህ ላይ ኩፍኝ ወይም ተቅማጥ ሲጨመርበት ሰውነቱ ይሸነፋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልብ በሉ። ልጁ አብጦ ሲገኝ፣ «ርቦት ነው» ብላችሁ ቤት ውስጥ በአንድ ጊዜ ብዙ ምግብ አታጉርሱት። የተዳከመ ሰውነት አይችለውም፤ ሊጎዳው ይችላል። እብጠት ያወርዳል የሚባል መድኃኒትም አትስጡት። በጤና ጣቢያ የሚሰጠው ምግብ ተመጥኖ የተዘጋጀ ነው። ጡት የሚጠባ ከሆነ ግን ማጥባቱን አታቋርጡ።

ልጅን ምን እናብላው?

እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል። ከ6 ወር በኋላ ጡቱ ሳይቋረጥ ምግብ ይጨመርለታል። ጡቱ እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ቢቀጥል መልካም ነው።

እህል ብቻውን ልጅ አያሳድግም። ጥራጥሬ ይፈልጋል። ሦስት ኩባያ ገብስ፣ በቆሎ ወይም ስንዴ ውሰዱ። አንድ ኩባያ ሽምብራ፣ ባቄላ ወይም ምስር ጨምሩ። ጥራጥሬውን ቆልታችሁ ከክታችሁ ከእህሉ ጋር አስፈጩት። ከዱቄቱ ወፈር ያለ ገንፎ ሥሩ። ዘይት ወይም ቅቤ በማንኪያ ጨምሩበት። እንቁላል ከተገኘ ምቱበት። ጎመን ወይም ዱባ ቀቅላችሁ ፈጭታችሁ ቀላቅሉበት። በከተማ ሱቅ ፋፋ እየተባለ የሚሸጠው ዱቄትም እህልና ጥራጥሬ የተደባለቀበት ነው።

«የጾም ወራት ነው፤ ዕቃችን ይነካካል» የሚሉ እናቶች አሉ። ከ7 ዓመት በታች ያለ ሕፃን ጾም አልተጣለበትም። ለእሱ አንዲት ትንሽ ድስትና አንድ ማንኪያ ለብቻ ማስቀመጥ ነው።

ስብ ምንድን ነው?

አሁን ወደ አባታችን ጥያቄ እንምጣ። ስብ የሰውነት ጎተራ ነው። የምንበላው ከሥራችን ሲበልጥ ትርፉ በስብ መልክ ይከማቻል። ትርፉ ከቅቤ ይምጣ፣ ከስኳር ይምጣ፣ ከእንጀራ ይምጣ፣ ከጠላ ይምጣ፣ ጎተራው አይመርጥም። ጥቂት ስብ ለሰው ያስፈልገዋል። የክፉ ቀን ስንቅ ነው።

እኚህ አባት ድሮ ቀኑን ሙሉ ሲያርሱ ይውሉ ነበር። አሁን እርሻውን ለልጃቸው ለቀው ወፍጮ ቤት ተቀምጠው ይውላሉ። ገበታው ግን እንደ ድሮው ነው። ሥራው ሲቀንስ ጉርሻው ካልቀነሰ ሆድ ይገፋል። በሆድ ዙሪያ የሚከማች ስብ ሲበዛ የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ሊያስከትል ይችላል። ውሃ ጥም ከበዛ፣ ሽንትም ቶሎ ቶሎ ከመጣ መመርመር ያስፈልጋል።

ምን ያድርጉ? አባቴ፣ ምግብ ይተዉ አልልዎትም። ዘይትና ቅቤውን፣ በሻይ የሚገባውን ስኳር፣ ጠላና አረቄውን ይቀንሱ። ዘይት በክብደት እኩል ከሆነ ዱቄት ከሁለት እጥፍ በላይ ኃይል አለው። ጎመኑንና ምስሩን ያብዙ። ወፍጮ ቤት ሲሄዱ በእግርዎ ይሂዱ።

ሆኖም ሆድ ብቻውን ገፍቶ ክንድና ፊት ከከሳ፣ ይህ ስብ አይደለም። የጉበት ወይም የሌላ በሽታ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው።

ወተት የማይስማማው ሰው

ወተት ውስጥ ስኳር አለ። ሕፃን ሳለን አንጀታችን ይህን ስኳር የሚፈጭ ነገር ያመነጫል። ስናድግ ግን በብዙ ሰው ላይ ይቀንሳል። ያልተፈጨው ስኳር አንጀት ውስጥ ይብላላል። ያኔ ሆድ ይነፋል፤ ይጮኻል፤ አንዳንዴም ያስቀምጣል። የሰው ዓይን አይደለም፤ ቡዳም አይደለም። ተላላፊም አይደለም። በዘር ሐረጋቸው ከብት አርቢ ሆነው ወተት ሲጠጡ በኖሩ ሕዝቦች ዘንድ ግን ወተት የሚስማማው ሰው ብዙ ነው።

ስለዚህ እናቴ፣ ወተትን ጨርሰው መራቅ የለብዎትም። በአንድ ጊዜ ጥቂት ይጠጡ፤ ከምግብ ጋር ይሁን። እርጎና አይብ ይሞክሩ። ወተቱ ሲረጋ ስኳሩ ስለሚቀንስ ሆድ ይቀበለዋል። ጥሬ ወተት ደግሞ በሽታ ያስተላልፋልና ሁልጊዜ ይፈላ።

ይህ የአዋቂ ነገር ነው። የእርስዎን ሆድ ወተት ስለነፋው ልጅዎንም ይነፋዋል ማለት አይደለም። ትንሽ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ወተት ይስማማዋል።

አለርጂ

ሌላም ዓይነት አለ። አለርጂ ይባላል። እንቁላል፣ ኦቾሎኒ፣ ሰሊጥ፣ ዓሣ ወይም ወተት በቀመሰ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከንፈር የሚያብጥ፣ ሰውነት ሽፍታ የሚያወጣበት ሰው አለ። ይህ ትንሽ ነው ብዙ ነው አይልም፤ ቅምሻውም ይበቃዋል። ትንፋሽ ካጠረ፣ ድምፅ ከተዘጋ ወይም ከተዝለፈለፈ በፍጥነት ወደ ጤና ጣቢያ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ያንን ምግብ ፈጽሞ አይንካ።

ደብተራችሁን አውጡ

ፊደል ቆጥራችኋል። እንግዲህ ፊደሉን ለሆዳችሁም አሠሩት። «ይህ ምግብ አይስማማኝም» ከማለታችሁ በፊት እንዲህ ጻፉ፦

ሰኞ፦ አንድ ኩባያ ወተት ጠጣሁ። ሆዴ ነፋ።
ማክሰኞ፦ ወተት አልጠጣሁም። ደኅና ዋልሁ።
ረቡዕ፦ እርጎ በላሁ። ደኅና ዋልሁ።

ለሁለት ሳምንት ጻፉ። የጠረጠራችሁትን አንድ ነገር ብቻ ተዉ። ሦስት አራት ነገር አንድ ላይ ከተዋችሁ አጥፊው የቱ እንደሆነ አይታወቅም። ከዚያ ጥቂት ቅመሱና እዩ። ቅምሻው ግን አለርጂ ላለበት አይደለም። ጤና ጣቢያ ስትሄዱም ደብተሩን ያዙ። ለሐኪሙ ጥሩ ምስክር ነው።

ለልጅ ግን በጎረቤት ወሬ ምንም ምግብ አትከልክሉ። መጀመሪያ የጤና ባለሙያ ጠይቁ። አንድ ምግብ መተው ግድ ከሆነም በምትኩ ሌላ አስገቡ። ወተት ከቀረ እንቁላል፣ እንቁላል ከቀረ ሽምብራና ምስር ይግባ። ገበታው ባዶ አይሁን።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እኛም እብጠቱን «ውፍረት ነው» ብለን አንሸፍነው። ዛሬ ማታ ይህን ካነበባችሁ በኋላ የልጆቻችሁን እግር ጫን አድርጋችሁ እዩ። የጎረቤታችሁንም ልጅ እዩ። ማንበብ ለማይችል ጎረቤት ጮክ ብላችሁ አንብቡለት።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. የወፈረና ያበጠ ልጅ በምን ይለያሉ?
2. ለሦስት ኩባያ ገብስ ስንት ኩባያ ሽምብራ ይጨመራል?
3. ወተት ለማይስማማው አዋቂ እርጎ ለምን ይሻለዋል?
4. በመንደራችሁ ለሕፃናት የሚከለከል ምግብ አለ? ምክንያቱስ ምንድን ነው?

ሳምንት በሰላም ያገናኘን።