አንድ ቁልፍ ለሁሉም በር፤ ቁልፍ ያዡስ ማን ይሁን?

ሠራተኛ ከድርጅት ሲለቅ መጀመሪያ የምንጠይቀው የቢሮና የመኪና ቁልፍ ነው። የሒሳቡን፣ የመጋዘኑንና የኢሜይሉን የይለፍ ቃልስ ማን ያስታውሳል? ክሊራንሱን አስፈርሞ የወጣ ሰው ቤቱ ተቀምጦ የደንበኞቻችንን ዝርዝርና የመሸጫ ዋጋችንን ሊያነብ ይችላል።

መድኃኒቱ ከተገኘ ቆይቷል። «ሲንግል ሳይን ኦን» ይሉታል፤ በእኛ አነጋገር አንድ መግቢያ ለሁሉም ማለት ነው። ሠራተኛው ማንነቱን በአንድ ቦታ ያረጋግጣል፤ ሌሎቹ ሲስተሞች የይለፍ ቃሉን ሳያዩ ከዚያ የተፈረመ ማረጋገጫ ብቻ ይቀበላሉ። ሠራተኛው ሲለቅም የሚዘጋው አንድ ቦታ ነው። ነገሩ አዲስ አይደለም። ሳምል 2.0 የተባለው ደንብ እ.ኤ.አ. በ2005፣ ኦፕን አይዲ ኮኔክት ደግሞ በ2014 ወጥተዋል። የእኛው ፋይዳም ደንበኛን በኢንተርኔት ሲያረጋግጥ በዚሁ በሁለተኛው ይሠራል።

ታዲያ ነጋዴው ለምን ቸል አለ? አንደኛው ምክንያት ዋጋ ነው። ብዙ የውጭ ሶፍትዌር ሻጮች ይህን አገልግሎት የሚሰጡት ውዱን ጥቅል ለገዛ ብቻ ነው። ይህ ቤት ሸጦ የበሩን ቁልፍ ለብቻ እንደ መቸርቸር ነው። በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ገዢ መከራከር ያለበት ውል ከመፈረሙ በፊት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ስጋት ነው፤ «ቁልፍ ያዡ ከተደፈረ ሁሉም በር ተከፈተ» ይባላል። ስጋቱ መሠረት አለው። በኦክቶበር 2023 ይህንኑ አገልግሎት የሚሸጠው የአሜሪካው ኦክታ የደንበኞች ድጋፍ ሲስተሙ ተደፍሮ፣ ደንበኞች ያስገቧቸው ፋይሎች በባዕድ እጅ ገብተዋል። ይሁን እንጂ ትምህርቱ ወደ አሥር የይለፍ ቃል መመለስ ሳይሆን፣ በአንዱ በር ላይ ሁለተኛ ማረጋገጫ መጨመር ነው።

በአገራችን ሌላም ነገር አለ። የሒሳብ ሰርቨሩ ቢሮ ውስጥ፣ ቁልፍ ያዡ ባሕር ማዶ ከሆነ፣ ኢንተርኔት በተቋረጠ ቀን የገዛ መዝገባችንን መክፈት አንችልም። ለእንዲህ ዓይነቱ ድርጅት እንደ ኪይክሎክ ያለውን የፈቃድ ክፍያ የሌለበት ሶፍትዌር በራሱ ሰርቨር ላይ ማስቀመጥ ይሻላል።

ሥራውን ለባለሙያ ስንሰጥ «ገባልኝ» ብለን አንፈርም። ጥቂት ነገሮችን እንጠይቅ። ማረጋገጫው የሚመለስበት አድራሻ በትክክል ተመዝግቧል ወይስ ለማንም ክፍት ነው? ሲስተሙ ፊርማውን፣ ሰጪውን፣ ለማን እንደተሰጠና ጊዜው አለማለፉን ያጣራል? የድሮው የይለፍ ቃል መግቢያ ተዘግቷል? ካልተዘጋ የፊት በር ቆልፎ የጓሮውን መተው ነው። የለቀቀ ሠራተኛ ቀድሞ የከፈተው ገጽስ ወዲያው ይቋረጣል? የፊርማ ሰርተፍኬቱ የሚያበቃበት ቀንም ከንግድ ፈቃድ እድሳት ጎን ይጻፍ፤ ካለፈ በዚያ ጠዋት ማንም አይገባም። ለክፉ ቀን አንድ የመጠባበቂያ መግቢያ ታሽጎ በካዝና ይቀመጥ።

ይህ ሁሉ የኮምፒዩተር ሰው ጉዳይ ብቻ ነው የሚል ባለንብረት፣ የካዝናውን ቁልፍ ማን እንደያዘ አላውቅም እንደማለቱ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን ጥያቄው ዛሬ ይጠየቅ።