«መሰላል ይታጠፋል እንዴ?»

ለዛሬ የመረጥነው ደብዳቤ የ21 ዓመት ወጣት የላከው ነው። ስሜ አይጠቀስ ብሏል፤ ቁመቴ ግን 1 ሜትር ከ92 ነው ይላል። ጂም ከጀመረ አራት ወሩ ነው። ብረት ተሸክሞ ቁጭ ብድግ ሲሠራ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። ከዚያ በታች ልውረድ ሲል ወደ ፊት ይደፋል። አጠር አጠር ያሉት ጓደኞቹ መሬት ሊነኩ ምንም አይቀራቸው፤ እሱን «አንተ ቀውላላ፣ መሰላል ይታጠፋል እንዴ?» እያሉ ይፎግሩታል። ሰሞኑን እልህ ይዞት 80 ኪሎ ጭኖ እስከ ታች ወረደ። መነሣቱን ተነሣ፤ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ጫማ ማሰር አቃተው። «ስንፍና ነው ወይስ አፈጣጠሬ? ልተወው?» ሲል ይጠይቃል።

ወንድሜ፣ አትተወው። ስንፍናም አይደለም፤ የጭንህ አጥንት ርዝመት ነው። ብረት ተሸክመህ እንዳትወድቅ ክብደቱ ሁልጊዜ ከእግርህ መሐል በላይ መዋል አለበት። ቁጭ ስትል ዳሌህ ወደ ኋላ ይሄዳል። ጭኑ የረዘመ ሰው ደግሞ ዳሌው የበለጠ ስለሚርቅ፣ ሚዛኑን ለመጠበቅ ደረቱን ወደ ፊት ማዘንበል ግድ ይሆንበታል። ጓደኛህ ቀጥ ብሎ የሚወርደው ከአንተ ስለበለጠ ሳይሆን አጥንቱ ስለፈቀደለት ነው።

ግን አንድ ነገር ለይተህ ያዝ፤ ማዘንበል ሌላ፣ መጉበጥ ሌላ! ጀርባህ ቀጥ እንዳለ ብታዘነብል ነውር የለውም። ከባድ ብረት ተሸክመህ ወገብህ ሲጎብጥ ነው መፍራት።

ታዲያ ምን ይሻላል? አንደኛ፣ እግርህን ከትከሻህ ትንሽ ሰፋ አድርግ፤ የእግር ጣቶችህን ከ15 እስከ 30 ዲግሪ ወደ ውጭ አዙር፤ ጉልበትህም ጣቶችህን ይከተል። ጭንህ ወደ ጎን ሲከፈት ዳሌህ ብዙ ወደ ኋላ አይርቅም።

ሁለተኛ፣ «ጉልበት ከእግር ጣት ማለፍ የለበትም» የሚሉህን አትስማ። እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣ ጥናት፣ ሰባት ወንዶች ጉልበታቸው እንዳያልፍ ታግዶ ሲሠሩ ጉልበት ላይ ያለው ጫና 22 በመቶ ያህል ቀነሰ፤ ዳሌ ላይ ያለው ግን ከ10 እጥፍ በላይ ሆነ። ለረጅም ሰው ጉልበቱ ማለፉ ግድ ነው።

ሦስተኛ፣ ቁርጭምጭሚትህ አልታጠፍ ካለ ተረከዝህ ሥር 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው የማይነቃነቅ ጣውላ አድርግ። የክብደት ማንሳት ተወዳዳሪዎች ተረከዙ ከፍ ያለ ጠንካራ ጫማ የሚያደርጉት ለዚሁ ነው። ሶሉ የሚሰምጥ የሩጫ ጫማ ግን ሚዛን ያሳጣል።

አራተኛ፣ ለጊዜው ብረቱን ከትከሻህ አውርድና አንድ ዱምቤል ደረትህ ላይ አቅፈህ ሥራ። ዱምቤል ከሌለ ሲሚንቶ የተሞላ ጣሳም ይሆናል። ክብደቱ ከፊት ሲሆን ቀና ብሎ መውረድ ይቀላል።

እስከ የት ልውረድ ላልከው፣ በፓወርሊፍቲንግ ውድድር ዳኛ የሚፈልገው ዳሌው ጋ ያለው የጭን የላይኛው ገጽ ከጉልበት አናት ዝቅ እንዲል ነው። አንተን ግን ዳኛ አልያዘህም። የአንተ ልክ ተረከዝህ ሳይነሣ፣ ወገብህ ሳይጎብጥ የደረስክበት ነው። አንድ ሰው ከጎንህ ሆኖ በሞባይል ይቅረጽህ፤ ወገብህ መጉበጥ የሚጀምርበትን ቦታ እይና ከዚያ ትንሽ ከፍ ብለህ ቁም። እዚያ ልክ ላይ ሣጥን አስቀምጥና እሱን እየነካህ ተነሣ። ሲለምድልህ ዝቅ ያለ ሣጥን ትቀይራለህ። ኪሎ የሚጨመረው ከዚያ በኋላ ነው።

የወገብህ ሕመም ተመልሶ ከመጣ፣ ወይም ወደ እግርህ ወርዶ ካደነዘዘህ ግን ጂሙን ትተህ ሐኪም ዘንድ ሂድ። ለፎጋሪ ጓደኞችህም ንገርልን፤ ብረት በየቀኑ ይገኛል፣ ወገብ ግን መለዋወጫ የለውም።