ሲያወጣጡሽ ቶሎ አትመልሺ

እኛ አገር ለጠየቀ ሰው መልስ መንፈግ ነውር ነው። «የት ነሽ? ከማን ጋር ነሽ?» ሲሉሽ ዝም ካልሽ ኩራተኛ ትባያለሽ። ሪያድም ስንመጣ ይህንኑ ጠባይ ይዘን ነው። ሰው የሚያወጣጣንም በሞኝነታችን ሳይሆን በዚሁ በጨዋነታችን ይመስለኛል።

የለመደበት ሰው ብዙም አይጠይቅም፤ ሆን ብሎ ተሳስቶ ይናገርና አንቺ ታርሚዋለሽ። «መንፉሃ አካባቢ ነሽ አይደል?» ሲልሽ «ኧረ አይደለም» ብለሽ ሰፈሩን ራስሽ ትነግሪዋለሽ። «ደሞዝሽ ስምንት መቶ ሪያል ነው አሉ» ሲልሽ ያናድድሻል፣ ትክክለኛውን ታወጫለሽ። ሌላዋ ደግሞ መጀመሪያ የራሷን ጉድ ታወራሻለች፣ እውነት ይሁን ውሸት ማን ያውቃል። ከዚያ የአንቺን አለመንገር ይከብድሻል። እኔ ከሁሉም የምፈራው ይህንን ነው፣ ፍቅር ስለሚመስል። ደላላ ከቤት ሊያስወጣሽ ሲፈልግ በዚህ በኩል ነው የሚመጣው፤ ከወጣሽ በኋላ ግን ሁሩብ የሚመዘገበው በአንቺ ስም እንጂ በእሱ አይደለም።

በስልክ የሚመጣው ደግሞ ያጣድፍሻል። «ከባንክ ነው፣ ካርድሽ ሊዘጋ ነው» ወይም «ሽልማት ደርሶሻል» ይልና ስልክሽ ላይ የገባውን ኮድ ይጠይቅሻል። በአማርኛ ቢያወራሽ፣ ስምሽን ቢጠራም አትመኚው። ያ ኮድ የባንክሽ ወይም የአብሽርሽ ቁልፍ ነው። ናፋዝ ላይ «ይህን ቁጥር ምረጪ» የሚልሽም በአንቺ ስም ሊገባ ነው። ባንክ ደውሎ ኮድ አይጠይቅም። ስልኩን ዝጊው፣ እንኳን ተቆጣ። ኮዱን ቀድመሽ ነግረሽው ከሆነም አፍረሽ አትቀመጪ፤ ካርድሽ ጀርባ ባለው ቁጥር ለባንክሽ አሁኑኑ ደውዪ።

ቤት ውስጥስ? ማዳም «የጎረቤቷ ልጅ ሁሉን ነግራኛለች» ስትልሽ ልጅቷ ምንም ብላ ላይሆን ይችላል። ራስሽን ለመከላከል ስትሮጪ ያልተጠየቅሽውን ሁሉ ትዘረግፊዋለሽ። መጀመሪያ «ምን አለች?» በያት፣ ከዚያ ጠብቂ።

ቤተሰቡ መቼ እንደሚጓዝ፣ ወርቁ የት እንደሚቀመጥ ለሚጠይቅሽ ግን፣ አገርሽ ልጅም ብትሆን፣ «አላውቅም» በቂ ነው። የሳውዲ የቤት ሠራተኞች ደንብ ራሱ የአሠሪን ቤት ምስጢር እንድትጠብቂ ያዝዛል። ይህንን ይዘው ግን «ስለተመታሽው፣ ስለተከለከልሽው ደሞዝ አትናገሪ» የሚሉሽ ካሉ ተሳስተዋል። የደረሰብሽ በደል የአንቺ ነው፣ የቤቱ ምስጢር አይደለም። ለሥራ ሚኒስቴሩ በ19911 መናገር ትችያለሽ፤ ሕይወትሽ አደጋ ላይ ከሆነ ሪያድ ውስጥ 911 ነው።

«ማንንም አትመኚ» የሚለው የብዙ ሰው ምክር ለእኔ አይዋጥልኝም። ማንንም የማታምን ልጅ ብቻዋን ናት፣ ብቻዋን ያለችን ደግሞ መጀመሪያ ያገኛት ሰው ያወጣጣታል። ይልቅ ጠያቂውን «ለምን ፈለግሽው?» በያት። ሐኪም «ምን መድኃኒት ትወስጃለሽ?» ሲልሽ ምክንያቱን ብትጠይቂው ያስረዳሻል፣ ለእሱ እውነቱን ንገሪው። ማዳም አጠገብሽ ቆማ መናገር ካልቻልሽም ነርሷን ለብቻሽ ማውራት እንደምትፈልጊ ንገሪያት። ለደላላው ደግሞ «ነገ እነግርሃለሁ» በይውና ፊቱን እይው።